ማክሰኞና ሐሙስ ማን ተማረ? ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለትምህርት ቤታችን ወላጅ መምህር ኅብረት

ጉዳዩ፦ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል በቴሌግራም ስለሚሰጠው የሁለት ቀን ትምህርት

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ሱፐርቫይዘሮች፣

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ብሎክ ለጥገና ከተዘጋ አራተኛ ወሩን ይዟል። ስድስት ሳምንት ይበቃዋል ተብሎ ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ሰባቱ ሴክሽኖች ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በቤተ መጻሕፍቱ፣ በቤተ ሙከራውና ለሁለት በተከፈለው አዳራሽ ተጨናንቀው እንዲማሩ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ቤታቸው ሆነው በቴሌግራም እንዲከታተሉ ተወሰነ። ለአጭር ጊዜ ነው ብለን ተቀበልን። ጣራው ሲያፈስ ተማሪ ከጥግ ወደ ጥግ እያዛወርን ያስተማርን ሰዎች ነን፤ ጥገናውን ጠልተን አይደለም የምንጽፈው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን በቅርቡ የደረሰን መመሪያ ነው። የሁለት ቀኑ አሠራር በሁለተኛው መንፈቀ ዓመትም እንደሚቀጥል ይናገራል። በቴሌግራም የተላከ ትምህርት እንደተሰጠ ስለሚቆጠር የቅዳሜ ማካካሻ እንደማይኖር ይገልጻል። ከመቶው 20 ነጥብ ተማሪው ማክሰኞና ሐሙስ በስልክ ከሚልከው ሥራ እንዲያዝም ያዝዛል። ይህ ሁሉ ሲወሰን ክፍል ውስጥ ከምንቆመው አንድም መምህር አልተጠየቀም።

ውሳኔው የተመሠረተው በየሳምንቱ በምንልክላችሁ ስክሪንሾት ላይ እንደሆነ እናምናለን። መምህሩ ግሩፑ ላይ ትምህርቱን ይለቃል፣ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፣ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ያስተላልፋል፤ መልእክቱ ሥር ሁለት ራይት ከታየ ሪፖርቱ ላይ «ትምህርቱ ተሰጥቷል» ተብሎ ይሞላል። ቴሌግራም ላይ አንዱ ራይት መልእክቱ ሄዷል ማለት ነው። ሁለተኛው ራይት ደግሞ ግሩፑ ውስጥ ካሉት ሰዎች ቢያንስ አንዱ ከፍቶታል ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይናገርም። 54 ልጅ ባለበት ሴክሽን አንድ ልጅ ከከፈተው ሁለቱም ራይት ይታያል፤ ያልከፈቱት 53ቱ በስክሪንሾቱ ላይ አይታዩም። ከፋቹ ተማሪ ሳይሆን ግሩፑ ውስጥ ያለ ሌላ መምህር ሊሆንም ይችላል። እናንተ ጋ የሚደርሰው መረጃ እኛ መላካችንን ያረጋግጣል። ልጁ መማሩን የሚያረጋግጥ ወረቀት ግን እስካሁን አንድም አልላክንላችሁም፤ የለንምና።

እኔ የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ አንድ ሐሙስ የሆነውን ልንገራችሁ። ለአንድ የ8ኛ ክፍል ሴክሽን ስለ ፓይታጎረስ ቴዎረም አጭር ማብራሪያና አምስት ጥያቄ ላክሁ። ሁለቱ ራይት በደቂቃ ውስጥ መጣ። እስከ ዓርብ ጠዋት መልስ የላኩልኝ ከ54ቱ 19 ልጆች ናቸው። ከ19ኙ አሥራ አንዱ የ12 ካሬን 114 ብለው ጽፈዋል። አንድ ልጅ 144ን ሲገለብጥ ሊሳሳት ይችላል፤ አሥራ አንድ ልጅ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳትም። አንዱ ሠርቶ ሌሎቹ ከፎቶው ላይ ገልብጠዋል። ሁለት ወረቀት ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈት ደግሞ የልጆቹ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ደብተራቸውን ሳርም ስለኖርሁ አውቀዋለሁ።

ዓርብ ክፍል ስገባ ያልላኩትን ስም እየጠራሁ ጠየቅሁ። ልቆጣ ነበር አሳቤ። መልሳቸውን ስሰማ ቁጣው ጠፋ።

አንዷ ልጅ ሥራዋን ያልላከችው ቸል ብላ አልነበረም፤ ጥያቄ ልካልኝ መልስ አጥታ ነው። በቤቱ ያለው ስልክ የእናቷ ነው። እናቷ ጉሊት ስለምትቸረችር ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፣ የምትገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስልኩም አብሯት ይውላል። ማታ ስልኩ ቤት ሲገባ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ቀድመው ያያሉ። የእሷ ተራ ሲደርስ ሌሊቱ ወደ 4 ሰዓት ተጠግቶ ነበር። «ቲቸር ይቅርታ፣ ሐይፖቴኑዝ የሚባለው የቱ ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። ተኝቼ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አይቼ ሥዕል ሥዬ መለስኩላት፤ በዚያ ሰዓት ስልኩ እናቷ መቀነት ውስጥ፣ ጉሊቱ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን እጇን አውጥታ፣ ጠመኔዬን መስመሩ ላይ አሳርፌ፣ በግማሽ ደቂቃ የሚያልቅ ጥያቄ ነበር። አምስቱም ጥያቄዎች የቆሙት ሐይፖቴኑዝን፣ ማለትም የሦስት ማዕዘኑን ረጅሙን ጎን፣ በመለየት ላይ ነው።

ሌላው ልጅ ማክሰኞና ሐሙስ የቀን ሥራ መሥራት ጀምሯል። አባቱ ከሚሠራበት የሕንፃ ግንባታ ቦታ አብሮ ይሄዳል፣ አሸዋና ሲሚንቶ ያቀብላል። መጀመሪያ ያወቅሁት መዳፉ በሲሚንቶ ተበልቶ እርሳስ መያዝ ሲያቅተው ነው። አባቱን ጠርቼ አነጋገርሁት። ክፉ ሰው አይደለም። «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት የለም አላችሁን፤ ቤት ብቻውን ከሚውል ዐይኔ ሥር ይዋል ብዬ ነው» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ቤቱ ቴሌግራም የሚከፍት ስልክ የለም፤ ያላቸው ቁልፍ ስልክ ነው። ይህ ልጅ እስከ ጥቅምት ድረስ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም ነበር። በመመሪያው መሠረት 20ው ነጥብ ዜሮ ሊሞላለት ነው።

ሦስተኛዋ የመስማት ችግር ያለባት ተማሪ ናት። ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እኛም ወደ ሰሌዳው ዞረን እንዳንናገር ተለማምደናል፤ ከንፈራችንን ታያለች። ማክሰኞና ሐሙስ ብዙዎቻችን ቪዲዮ ስለሚከብድ የምንልከው ድምፅ ነው። እሷ የሚደርሳት ትምህርት የለም ማለት ነው። አላማረረችም። እኛ ነን ዘግይተን ያስተዋልነው፣ እሱም ያሳፍረናል።

ስለ ምግቡም ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በመዲናችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች ቁርስና ምሳ በትምህርት ቤት ይመገባሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ግቢው የተዘጋባቸው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች በእነዚያ ቀናት ይህ ቀርቶባቸዋል። ረቡዕ ጠዋት የሰልፉ መዝሙር ሳያልቅ የሚቀመጥ ልጅ ስናይ ምክንያቱን ለመገመት አንቸገርም።

በስልክ ማስተማር ለምን እንደሚከብድ አንዳንድ ጊዜ ለሱፐርቫይዘሮች ማስረዳት ስለሚያስቸግረን፣ ቢያንስ በእኔ ትምህርት በሒሳብ ላስረዳ። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ 3 ካሬ ሲደመር 4 ካሬ 7 ካሬ ነው ብሎ ቢጽፍ፣ ያ ስሕተት የክፍሉ ሁሉ ትምህርት ይሆናል። እንዲያስብበት ጊዜ እሰጠዋለሁ፣ ከኋላ አንዱ «አይደለም!» ይላል፣ ይከራከራሉ፣ 9 እና 16 ተደምረው 25 መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ግሩፕ ላይ ግን ማንም ስሕተቱን በሰው ፊት አይጽፍም። «ገባችሁ?» ብዬ ስጽፍ አውራ ጣት የተቀሰረበት ምልክት ይመጣልኛል። ፊታቸውን አላይም። ግንባሩን ቋጥሮ እርሳሱን የሚነክሰውን ልጅ አላይም፤ እኔ ግን አሥር ዓመት ያስተማርኩት እሱን እያየሁ ነው።

ቪዲዮ ሥሩ ትሉን ይሆናል። እንሠራለን። የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ግን በቀላሉ ከመቶ ሜጋ ባይት ያልፋል፤ እሱን ለመጫን እኔ ዳታ እከፍላለሁ፣ ለማውረድ ደግሞ ወላጅ ይከፍላል። ድምፅ ብቻ ከሆነ ጥቂት ሜጋ ባይት ይበቃል፣ ነገር ግን ሦስት ማዕዘን በድምፅ አይሣልም። ክፍልፋይና ሥርወ ቁጥር በስልክ ኪቦርድ መጻፍም አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶ አነሳለሁ፣ ልጁም ጽፎ ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶው ጠሞ ወይም ጨልሞ ይመጣል፣ እኔ በጣቴ ስክሪኑ ላይ እያሰመርሁ አርማለሁ። በወረቀት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ እርማት በስልክ አሥር ደቂቃ ይበላል። መብራት በሄደበት ማታ ደግሞ እርማቱም ስልኩም ይቆማሉ።

የርቀት ትምህርት ለእኔ አዲስ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስገባ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ከተማሩት አንዱ ነኝ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉን የሚወስደው በሳተላይት የሚመጣው በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ትምህርት ነበር። ያ ትምህርት አይጠብቅም። ጥያቄ አውጥቶ «ሞክሩ» ይልና እኛ ጥያቄውን አንብበን ሳንጨርስ መልሱን ያሳየናል። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት ጠፋ ማለት ነው። መምህራችን ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ያዩ ነበር፤ ፕላዝማው ሲያበቃ በቀሯቸው ጥቂት ደቂቃዎች ሁሉንም እንደ ገና ለማስረዳት ይሯሯጣሉ። ዛሬ በሒሳብ ድፍረት ካለኝ ከዚያች ጥቂት ደቂቃ የተገኘ ነው። ያኔም ትምህርቱ መተላለፉ በእርግጥ ተመዝግቧል። ምን ያህላችን እንደ ተከተልነው ግን አብረውኝ የተማሩትን ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ 2012 ዓ.ም. መጣ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያኔ የቻልነውን ሁሉ በቴሌግራም ሞከርን፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈውንም ተከታተሉ ብለን ለልጆቹ ነገርን። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ በይነ መረብ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ከተማሪዎቻችን ጋር የነበረን ክር ተበጠሰ። አዲሱ ዓመት ገብቶ ክፍል ሲከፈት ከግማሽ ዓመት በላይ የራቁ ልጆች ነበሩ የጠበቁን። የዚያን ጊዜ ውሳኔ ግን አንድ ነገር አልካደም፤ ልጆቹ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሲያልፉ የቀረባቸው ትምህርት በማካካሻ እንዲሰጣቸው ታዘዘ። በዚያ ክፉ ቀን እንኳ «ተልኳልና ተምረዋል» አልተባለም። ዛሬ በአንድ ብሎክ ጥገና ምክንያት ለምን ይባላል?

የመምህራኑን ጫና ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ከልጆቹ ጉዳት ስለሚያንስ ነው፤ ግን አለ። ስልኩ የራሳችን ነው፣ ዳታውም ከደመወዛችን ነው። ባለፈው ወር እኔ ለዚህ ሥራ ብቻ 600 ብር ካርድ ሞልቻለሁ። ሦስት ልጆች ያሏት የሥራ ባልደረባዬ ማክሰኞ የቪዲዮ ትምህርት የምትቀርጸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ነው፤ ልጆቿ ከነቁ ጸጥታ አታገኝም። ወላጅ ከሥራ ሲመለስ ይጽፋልና መልእክቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይመጣል፤ ካልመለስን ቸልተኛ እንባላለን።

ከሁሉም የከፋው የሴት መምህራን ጉዳይ ነው። ግሩፕ ሲከፈት የግል ስልክ ቁጥራቸው ለመቶዎች ታየ። አንዷ ባልደረባችን ከማታውቃቸው ወንዶች ሌሊት እየተደወለላት ቁጥሯን ለመለወጥ ተገድዳለች። ሌላዋ ካስተማረችበት ቪዲዮ ላይ ፊቷ ተቆርጦ ስቲከር ተሠርቶ ከግሩፕ ግሩፕ ሲዞር አግኝታዋለች። ስታስተምር አፏን የከፈተችበት ቅጽበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቪዲዮ መቅረጽ አቁማለች፤ በዚህም ምክንያት በሥራ አፈጻጸም ምዘናዋ ላይ ነጥብ ተቀንሶባታል። ይህ በደል ነው፤ እንዲስተካከልላትም እንጠይቃለን።

ቴሌግራሙ ምንም አልጠቀመም ብንል ውሸት ይሆናል። እግሩ ተሰብሮ ለአንድ ወር የተኛ የ7ኛ ክፍል ልጅ በእሱ ተከታትሎ ሳይወድቅ ተመልሷል። ለፈተና የሚያነቡ ጎበዝ ልጆችም አጫጭር ቪዲዮዎቹን ደጋግመው ያያሉ። ክፍል ውስጥ ለተማረ ልጅ ማጠናከሪያ ነው። ክፍሉን ተክቶ ሲቆም ግን የሚያስተምረው ስልክ፣ ዳታና ቤት የሚውል ወላጅ ያለውን ልጅ ብቻ ነው። 20ው ነጥብም የሚለካው ይህንኑ ነው፤ ማን ስልክ እንዳለው። የ8ኛ ክፍል ልጆቻችን ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ይቀመጣሉ፤ የፈተናው ወረቀት ማክሰኞና ሐሙስ የት እንደነበሩ አይጠይቃቸውም።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት፣ በቴሌግራም ሥራ የሚያዘው 20 ነጥብ ይሰረዝ። በክፍል ውስጥ በምንሰጠው ፈተናና የክፍል ሥራ ይተካ። እስካሁን ዜሮ የተሞላባቸው ልጆች ውጤት ይስተካከል።

የቅዳሜ ማካካሻው ይመለስ፣ ቢያንስ ለ8ኛ ክፍል። ለዚህ የተለየ ክፍያ ጠይቀን አናውቅም፤ ግማሽ ቀኑ በሥራ ሰዓታችን ይቆጠርልን።

ማክሰኞና ሐሙስን በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለን። አዳራሹ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ ሙከራው በእነዚህ ቀናት ለታችኞቹ ክፍሎች የሚለቀቁት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ባዶ ናቸው። አራቱ ክፍሎች ማክሰኞ ከሰዓት የ8ኛ ክፍልን ሦስት ሴክሽን፣ ሐሙስ ከሰዓት የ7ኛን አራት ሴክሽን ይይዛሉ። ሁለት ሴክሽን ሳይደባለቅ፣ እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ተጨማሪ ግማሽ ቀን ያገኛል። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን እኛው ሠርተናል፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባሪ አድርገን አስገብተናል። የሚያስፈልገው ፈቃድ፣ የጥበቃ ሠራተኛና የምሳው በእነዚያ ቀናትም መቀጠል ነው።

የግድ በስልክ በሚቀረው ቀን ደግሞ ወርክ ሺቱ በትምህርት ቤቱ ማባዣ ማሽን ታትሞ ከአንድ ቀን በፊት ለሁሉም ልጅ ይታደል፤ ስልክ የሌለው ልጅ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ። ለየክፍሉ የትምህርት ቤቱ የሆነ ስልክና ሲም ካርድ ይመደብ፣ የመምህራን የግል ቁጥር ከግሩፖቹ ይውጣ። የዳታ ወጪው ይሸፈን። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለብን በጽሑፍ ይገለጽልን። ስቲከር በተሠራባት ባልደረባችን ላይ የተቀነሰው የምዘና ነጥብ ይመለስ። ሳምንታዊው ሪፖርትም በስክሪንሾት ፈንታ ስንት ልጅ ሠርቶ እንደመለሰና ስንቱ እንዳልደረሰው በስም ዝርዝር ይሁን፤ ይህን ለመሙላት ዝግጁ ነን።

የብሎኩ ጥገና መቼ እንደሚያልቅ ቁርጥ ያለ ቀን ይነገረን። ወላጆች በየቀኑ በር ላይ ይጠይቁናል፣ የምንመልሰው የለንም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ከዚያ በፊት ከእናንተ አንድ ሰው ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ ከእኛ ጋር የስም ዝርዝሩን ይዞ ሦስት ወይም አራት ልጆች ቤት ቢሄድ ደስ ይለናል። የጉሊቷ እናት ቤት ከትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው።

ከሠላምታ ጋር

የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርና የ7ኛና 8ኛ ክፍል መምህራን ተወካይ